የወይራ አፋፍ ሁለተኛ ቄስ

ሰው ቤተ ክርስቲያን የሚቆመው በድንጋይና በጥድ ይመስለዋል። ኧረ ወዲያ! የወይራ አፋፍ ሚካኤል ያን ሁሉ ጊዜ ቆሞ የኖረው በአንድ ሰው ባዶ አልጋ ነው። መንደሩ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ደፍሮ የሚናገረው ግን አይገኝም። ሰውዬው ቄስ ሽታው ይባላል።

ወይራ አፋፍ አምባሰል ትከሻ ላይ ያለች መንደር ናት። ሰማዩ ሲጠራ የሐይቅ ውኃ ቁልቁል ይታያል፤ ጉም ሲወርድ ደግሞ የራስን ደጅ ማየትም ችግር ነው። ሚካኤልን የተከሉት የዛሬዎቹ ሽማግሌዎች ቅድመ አያቶች ናቸው፤ በጭቃ ግድግዳና በሣር ክዳን። አንድ ክረምት መብረቅ ወርዶ በላው። ያኔ ጥዱን ከገደሉ ሥር በትከሻቸው ካወጡት ሰዎች ግማሾቹ እስላሞች ነበሩ፤ ክርስቲያኖቹም በፋንታቸው ለመስጊዱ ድንጋይ ፈልጠው አግዘዋል። ይህን ማንም እንደ ጉድ አያወራውም። የጎረቤት ቤት ሲቃጠል ቆሞ የሚያይ አለ እንዴ?

ደግሞስ ሚካኤል የክርስቲያኑ ብቻ መች ሆነና! ቅሬው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ባንድ ላይ ሙቱን የሚቀብርበት ማኅበር፣ የሚሰበሰበው ከቅጥሩ ውጭ ካለችው ወይራ ሥር ነው። ላም የጠፋችበት፣ ድንበር የተገፋበት ሰው ተጠርጣሪውን እየጎተተ የሚመጣው ወደዚያው ደጅ ነው። ሌባ ሌላ ቦታ ሽምጥጥ አድርጎ ይክዳል፤ ሚካኤል ደጅ ሲደርስ ግን ምላሱ ይተሳሰራል። ልጅ ክርስትና የሚነሳው እዚያ፣ ሙት የሚፈታው እዚያ፣ ባልና ሚስት የሚታረቁት እዚያ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ቅዳሴ ካለ ነው። ያልተቀደሰበት ደጅ ማንን ያስፈራል? ቅዳሴ ደግሞ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል፤ አንድ ቢጎድል አይሆንም። ዲያቆን ከማዶ ጊዮርጊስ ይለመናል። ቄስ ግን ከየት ይመጣል? አንድ ዘመን የመንደሩ ሁለተኛ ቄስ ድንገት ታመው ሲሞቱ የቀሩት ቄሰ ገበዙ አባ አያሌው ብቻ ነበሩ። መንደሩ ተጨነቀ፤ ተጨንቆም ዓይኑን ሽታው ላይ ጣለ። ሽታው ያን ጊዜ ድምፁ ያማረ፣ ዓይን አፋር ዲያቆን ነበር።

ዲያቆን ሳያገባ አይቀስስም፤ ከቀሰሰ በኋላ ደግሞ ሁለተኛ አያገባም። ሚስቱ ብትሞትም፣ ጥላው ብትሄድም ያው ነው፤ ሌላ ሴት ቤቱ ያስገባ ዕለት ቅስናው ይፈርሳል። ስለዚህ ሰዉ ሚስት ፍለጋ ተሯሯጠ። እድላዊትን ያገኙለት እነሱ፣ ሽማግሌ የላኩት እነሱ፣ ድግሱን የደገሱት እነሱ። ሽታው ቄስ መሆን አልፈልግም አላለም፤ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን፣ የሚልበት ፋታም አልሰጡትም። በቁርባን ተጋቡ፣ ቀሰሰ፣ መንደሩም እፎይ አለ።

እድላዊት ክፉ ሴት አልነበረችም። ይህን አስቀድሞ መናገር ያሻል፤ የሄደ ሰው ስም መቦጨቅ ቀላል ነውና። ዝናቡ ተከታትሎ ሲቀር፣ ማሳው ገለባ ብቻ ሲሰጥ፣ ከጎረቤት ልጅ ከዘይቱና ጋር ተመካክራ ዓረብ አገር ሄደች። «ትንሽ ሠርቼ እመለሳለሁ፤ ቤታችንን ቆርቆሮ እናለብሳለን» አለችው። መጀመሪያ ሰሞን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትደውል ነበር። ሽታው ስልኩን ይዞ ኔትወርክ ወዳለበት አፋፍ ጫፍ ወጥቶ ይጠብቃታል። እያደር መደወሏ ሳሳ፤ ከዚያም ጨርሶ ቀረ። እሱ ግን እሑድ እሑድ አፋፉ ላይ መቆሙን አልተወም።

ከዓመታት በኋላ ዘይቱና ብቻዋን ተመለሰች። ደጁ ላይ ቁጭ ብላ መሬት መሬት ታያለች።

«አባ ሽታው፣ አይጠብቋት» አለችው።

«ሞተች?»

«ኧረ ወላሂ ደህና ናት። ባል አግብታለች። ልጅም ይዛለች።»

«የማን ልጅ?» አለ ሽታው። ሰው ሲደነግጥ የማይጠየቀውን ይጠይቃል።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ኑሮ ኑሮ ብሎ መጥራት ነውር ነው። የሰው ልጅ ሲያጠምቅ ይውልና ክንዱ ቅቤ ቅቤ እየሸተተ ባዶ ቤቱ ይገባል። የሰው ሠርግ ባርኮ፣ «እንደ አብርሃም እንደ ሣራ» ብሎ መርቆ፣ ራቱን ቆሞ ይበላል። ወንዝ ወርዶ ልብሱን ሲያጥብ ሴቶቹ «አባ፣ አምጡ እንጠብልዎ» ይሉታል። እነሱስ ከልባቸው ነው፤ እሱ ግን ከስድብ ይቆጥረዋል። አባ አያሌው «ልጄ፣ መንኩስና አርፈህ ተቀመጥ» ቢሉት፣ «ቆብ ሐሳብ አይሸፍንም አባቴ» አላቸው። 

እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው ጸዳለን ያገኛት። ጸዳለ ከመንደሩ ግርጌ፣ የግሸን መንገደኛ በሚያልፍበት የመኪና መንገድ ዳር፣ በስፌት መኪናዋ የምትተዳደር ሴት ናት። አግብታ ፈታ ወደ አባቷ አገር የተመለሰች፤ አፏ ስለት፣ እጇ ወርቅ። ታቦት ሲወጣ የሚዘረጋው ድባብ ዘርፉ ተበጣጥሶ ሽታው ይዞላት ወረደ። ድባቡን ገልበጥበጥ አድርጋ አየችው፤ ከዚያ ቀና ብላ እሱን አየችው።

«አባ፣ ድባቡስ ከእርስዎ ይሻላል» አለች። «እሱን እኔ እጠግነዋለሁ። እርስዎን ማን ይጠግንልዎት?»

ሽታው ሳቀ። ከሳቀ ስንት ዘመኑ! ሳቁ ራሱን አስደንግጦት አፉን በነጠላው ሸፈነ።

ከዚያማ የሚካኤል ልብስ ሁሉ ባንድ ጊዜ መቀደድ ጀመረ። ዛሬ መጋረጃው፣ ነገ የዲያቆናቱ ቀሚስ፣ ከነገ ወዲያ ትናንት የተሰፋው። ክፉ ነገር አልተሠራም። እሷ ትሰፋለች፣ እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያወራታል፤ ቦታውም አላፊ አግዳሚ የሚያየው ነው። ለእሱ ግን ከዚህ ሰፊ ዓለም የቀረችው ማረፊያ ያቺ በርጩማ ብቻ ነበረች። አንድ ቀን ጸዳለ የስፌት መኪናውን መርገጫ መርገጧን ተወችና ፊት ለፊት ነገረችው።

«እኔ ቄስ አላገባም፤ ኃጢአት ነው። ሽታውን ግን አገባለሁ። ቄሱን እዚያው ሚካኤል ትተኸው ና።»

ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረውም። ቅስናውን ይወደዋል፤ ሲቀድስ ድምፁ ሲወጣ ሌላ ሰው ይሆናል። ግን ቅዳሴው ያልቃል፤ ቤቱ ይጠብቀዋል። በግንቦት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ልቡን አጠንክሮ አባ አያሌው ዘንድ ሄደ።

«አባቴ፣ አልቻልኩም። ሰው ነኝ። ላገባ ነው።»

አባ አያሌው ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። ማግስቱን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ ሽማግሌዎቹ ሽታው ደጅ መጡ።

ባዶ እጃቸውን ቢመጡ ኖሮ ሽታው የሚመልሰውን አዘጋጅቶ ነበር። እነሱ ግን ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው ነው የመጡት። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ለማኝ «እሺ» ካልተባለ አያወርድም፤ ሽማግሌ በድንጋይ ያስቆመ ሰውም ከዚያ ወዲያ እሳት የሚያጭርለት ጎረቤት የለውም። ከፊት የቅሬው ዳኛ ሼኽ አሕመዲን፣ ከጎናቸው አባ አያሌው። ለወጉ ያህል ቢሆን ጠጠር የምታህል ትበቃቸው ነበር። አባ አያሌው ግን «እኔ የምለምነው ስለ ሚካኤል ነው፤ ቀላል ድንጋይ አልይዝም» ብለው ከሁሉ የከበደውን መርጠው ነበር። አንድ ሰው እንኳ «ይተዉ እንጂ አባቴ» አላላቸውም። አይ የኛ ሰው! ያለው ሁለት ቄስ ነው፤ አንዱን ለማስቀረት ሌላውን ድንጋይ ያሸክማል።

«ሽታው ልጄ» አሉ ሼኽ አሕመዲን፤ «ይችን ደጅ አትዝጋብን።»

«እርስዎን ደግሞ ምን አገባዎት ሼሁ? መስጊዳችሁ እንደሁ ቆሟል!»

«የኛስ ቆሟል፣ አልሐምዱሊላህ። ግና አንተ ስትወጣ አያሌው ብቻቸውን አይቀድሱ። ካልተቀደሰ ታቦቱ ማዶ ይሄዳል። ታቦቱ ከሄደ ክርስቲያኑም አንድ በአንድ ይከተለዋል። እኛ ከማን ጋር ልንቀባበር ነው? ሌባውንስ የት ወስደን ልናስምለው ነው?»

«እኔስ?» ብሎ ጮኸ ሽታው። «እኔስ ሼሁ? ሙታችሁን ስፈታ፣ ልጃችሁን ሳነሳ ውዬ ስገባ እሳት የሚያነድልኝ ማን ነው? ብታመም ውኃ የሚያቀብለኝ ማን ነው? ሚስት መርጣችሁ አጋባችሁኝ፤ ሄደች። አሁን እኔ ብመርጥ ድንጋይ ይዛችሁ መጣችሁ! ሐቅ ነው ይሄ?»

«አይደለም» አሉ ሼኽ አሕመዲን። ላባቸው በጢማቸው ይንቆረቆራል። «ወላሂ አይደለም። ሐቅ ቢኖረን በቃል እንመጣ ነበር። ሐቅ ስለሌለን ነው ድንጋይ የተሸከምነው።»

 ሽታው ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋና አልጋው ላይ ተቀመጠ። «ይቁሙ» አለ በሆዱ። «ሲደክማቸው ያወርዱታል። አንድ ጊዜ እንኳ እነሱ ይድከሙ።» ግድግዳው ጭቃ ነው፤ የደጁ ሁሉ ይሰማል። ሼኽ አሕመዲን ዱዓ ያደርጋሉ። አንዱ ያስላል። ከዚያ ሁሉ ትንፋሽ መሐል የአባ አያሌውን ለየው፤ ልጅ ሆኖ ዳዊት ሲያስደግሙት ጀርባው ላይ የሚሰማው ያው ትንፋሽ ነው። እየጠበበ፣ እየተቆራረጠ ሄደ። ሽታው ጆሮውን በሁለት እጁ ደፈነ። ጸዳለን አሰበ፤ ሳቋን፣ በርጩማዋን። ትንሽ ልቆይ አለ። ደግሞ ትንሽ።

በሩን ሲከፍት አባ አያሌው በጉልበታቸው ወድቀዋል። ድንጋዩ ግን ከማጅራታቸው አልወረደም። የከበቧቸው ሰዎች ሊያግዟቸው ቢሞክሩም «አትንኩኝ፤ እሱ እሺ ይበለኝ» ብለው ነበር።

«እሺ!» አለ ሽታው። «እሺ አባቴ፣ እሺ! ትቼዋለሁ!» ሮጦ ድንጋዩን በገዛ እጁ አነሳላቸው። ሰዉ «ተባረክ! ዘርህ ይባረክ!» እያለ ጮኸ። የማን ዘር? ይህን ማንም አላሰበም። አባ አያሌው ሊነሱ ሞክረው ወገባቸው አልታዘዝ አለ። በአልጋ ተሸክመው ወሰዷቸው፤ ድንጋዩ ሽታው ደጅ ቀረ።

በማግስቱ ሽታው ጸዳለ ዘንድ ወረደ። ወሬው ቀድሞት ደርሷል።

«ድንጋይ ተሸክመው መጡ አሉ» አለች፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል።

«መጡ።»

«እሺ አልካቸው።»

«አባ አያሌው ወደቁ፤ ምን ላድርግ ጸዳለ?»

«ምንም። እኔ ደግሞ ድንጋይ የሚሸከምልኝ ሰው የለኝም።» እንባዋ ጨርቁ ላይ ሲወርድ በእጇ ጠረግ አድርጋ መስፋቷን ቀጠለች። የግሸን ንግሥ አልፎ መንገደኛው ወደየአገሩ ሲመለስ እሷም ከአውቶቡሶቹ ባንዱ ተሳፍራ ሄደች። ዓረብ አገር ነው የሄደችው አሉ። ሽታው ደወለላት፤ አልተነሳም። ደግሞ ደወለ። እንደገና እሑድ እሑድ አፋፉ ጫፍ መቆም ጀመረ፤ ያየው ሰው ዞር ብሎ ያልፋል።

አባ አያሌው ክረምቱን በሙሉ በሰው ትከሻ እየተደገፉ፣ መቅደስ ውስጥ መቋሚያቸው ላይ ተንጠልጥለው ቀደሱ። ጥቅምት ላይ አልቻሉም። የመጨረሻ ዕለት ሽታው አጠገባቸው ተቀምጦ እጃቸውን ይዞ ነበር። ቶሎ ባለመውጣቴ ይማሩኝ ሊላቸው ፈልጎ እጃቸውን ሳመ። እሳቸው ግን ያልሰሙትንም የሚያውቁ ይመስላሉ። «ይሁን ልጄ» አሉት። «ሁለተኛ ፈልግ። ሚካኤልን ብቻውን አታድርገው።» ቅሬው ተሰብስቦ ቀበራቸው፤ እስላሞቹ መቃብር ቆፈሩ፤ ሼኽ አሕመዲን እንደ ሴት ተንሰቅስቀው አለቀሱ።

ሽታው ሁለተኛ ቄስ ፍለጋ ያልረገጠው ቦታ የለም። ማዶ ጊዮርጊስ ያሉት ራሳቸው ሁለት ናቸው፤ አንዱ ቢመጣ የእነሱ ደጅ ይዘጋል። ውጫሌ ሄደ፣ «ጸልይ» አሉት። ሐይቅ ወረደ፣ «ቆይ እስቲ» አሉት። «ቆይ» ሲባል ኅዳር ገባ፤ የሚካኤል ዓመታዊ በዓል ደረሰ። በመጨረሻ ደሳለኝን አገኘው። ደሳለኝ የወይራ አፋፍ ልጅ፣ ሽታው ራሱ ያስተማረው ዲያቆን ነው፤ አሁን ሐይቅ ከተማ ባጃጅ ይነዳል። ዕድሜው ደርሷል፤ የወደዳትም ልጅ አለችው።

«አግባት» አለው ሽታው፣ ባጃጁ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጦ። «በቁርባን አግባትና ቅሰስ። እኔ እለምንሃለሁ። ከፈለግህ አሁኑኑ ድንጋይ ተሸክሜ እለምንሃለሁ።»

ደሳለኝ መምህሩን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። መሪውን እንደጨበጠ «አባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። «እርስዎን እያየሁ?»

ሽታው ከባጃጁ ወረደ። ልጁን ሊቆጣው ፈልጎ ቁጣ አጣ። እውነት ነዋ። ከዚህ በላይ ምን እውነት አለ?

እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም ይላሉ። ዕጣን ሳይታጠን፣ ሳይቀደስ የሚያድር ታቦት ጎረቤት ደብር ይደር ተብሎ ተወሰነ። የሚካኤል በዓል ዋዜማ ታቦቱ ከወይራ አፋፍ ወጣ። ሌላ ጊዜ እልልታው ተራራ ያስተጋባ ነበር፤ ያን ዕለት አንዲት ሴት «እል…» ብላ ጀመረችና አቋረጠችው። ድባቡን፣ ጸዳለ ዘርፉን የሰፋችውን ድባብ፣ የማዶ ዲያቆን ያዘው። ታቦቱን በራሱ ላይ የተሸከመው ሽታው ነው፤ ሌላ ማን አለና? ዓመታት ሙሉ ሕይወቱን የሰጠው ይህ ታቦት ከመንደሩ እንዳይወጣ ነበር፤ አሁን ተሸክሞ የሚያወጣው እሱው ራሱ ሆነ። እስላሙም ክርስቲያኑም እስከ ገደሉ አፍ ሸኘ። ሼኽ አሕመዲን ዱላቸው ላይ ተደግፈው፣ ታቦቱ ማዶ ዳገት ላይ ነጥብ እስኪሆን ቆመው አዩ።

ማዶዎቹ «እዚህ ቅር፤ ሦስተኛ ሆነህ አገልግል» አሉት። እሱ ግን በበዓሉ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ ወደ ወይራ አፋፍ ተመለሰ። ደጁ ላይ ያ ድንጋይ እንደተጣለ አለ። ከግንቦት ጀምሮ ማንም አልነካውም፤ ዶሮዎች ሲወጡበት ሲወርዱበት ከርመዋል። ጎንበስ ብሎ አነሳው። እንዲህ የሚከብድ አልመሰለውም ነበር። ማጅራቱ ላይ አድርጎ ዳገቱን ወጣ፤ በተቆለፈው በር ፊት ቆመ።

ሼኽ አሕመዲን ከወይራዋ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። የቅሬው ስብሰባ ነበር፤ ሌላ ሰው አልመጣም። ሲያዩት ደንግጠው ተነሡ።

«ሽታው! ምን ማድረግህ ነው? ማንን ልትለምን?»

«ሚካኤልን። ይመልስልኝ» አለ ሽታው። «ቤቴን ወሰደ፣ ሰጠሁ። ሚስቴን ወሰደ፣ ሰጠሁ። ጸዳለን ወሰደ፣ እሺ አልኩ። አባቴን ገደልኩ። ደጁን እንኳ ይመልስልኝ።»

«አውርደው ልጄ። አብሽር፣ አውርደው። ትሞትብናለህ።»

«እሺ ያለኝ የለም ሼሁ።»

 ድንጋይ የሚያስወርደው የተለመነው ነው፤ ሌላ ሰው አያስወርድም። ይህን ሕግ ከሼኽ አሕመዲን በላይ የሚያውቅ በአገሩ የለም። በሩን አዩት፤ ቁልፉን አዩት። ከውስጥ እሺ የሚል ማን አለ? ታቦቱን እንደሆነ ሽታው ራሱ ማዶ አድርሶታል።